ሳፖኒን ምንድን ነው? ከእንዶድ አረፋ እስከ ካንሰር ምርምር

ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ እንዲሁም በቡራዩ፣ በሰበታና በሆለታ ዙሪያ ባሉ የግቢ አጥሮች ላይ ተጠምጥሞ የሚታየውን እንዶድ የማያውቅ ነባር ነዋሪ ጥቂት ነው። ፍሬው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው አረፋ፣ የፋብሪካ ሳሙና እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን የነጠላና የጋቢ ማጠቢያ ሆኖ አገልግሏል፤ ዛሬም የሐበሻ ልብስን ሳይጎዳ ያነጣል በማለት ከሳሙና ይልቅ እሱን የሚመርጡ እናቶች አሉ። ይህን አረፋ የሚፈጥሩት ሳፖኒን በሚል የወል ስም የሚጠሩ ኬሚካላዊ ውህዶች ናቸው። ስማቸው ከልብስ አጠባ በራቀ ጉዳይም ይነሳል። የአንድ ተክል ጭምቅ የካንሰር ሕዋሳትን ገደለ የሚል የምርምር ዜና ሲወጣ፣ ከውጤቱ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ እነዚሁ ውህዶች ይገኛሉ። ዜናዎቹ በአብዛኛው ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን ሕዋስ መግደል ለሳፖኒን አስቸጋሪ ሥራ ስላልሆነ፣ «ገደለ» ከሚለው ውጤት እስከ «መድኃኒት ሆነ» ድረስ ያለው መንገድ በሳፖኒን ዘንድ በተለይ ይረዝማል።

ሳፖኒን የአንድ ንጥረ ነገር ስም ሳይሆን፣ በአወቃቀራቸው የሚመሳሰሉ በርካታ ውህዶች የሚታቀፉበት ቤተሰብ ነው። እያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ክፍል እርስ በርስ የተያያዙ የካርቦን ቀለበቶችን የያዘ፣ ውኃን የሚሸሽና ከቅባት ጋር የሚስማማ አካል ሲሆን ሳፖጄኒን ይባላል። ሁለተኛው ክፍል በዚህ አካል ላይ የተንጠለጠለ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ይህኛው በተቃራኒው ከውኃ ጋር ይስማማል። የሳፖጄኒኑ መሠረት 30 የካርቦን አቶሞች ያሉት ከሆነ ውህዱ የትራይተርፒን ሳፖኒን፣ 27 ያሉት ከሆነ ደግሞ የስቴሮይድ ሳፖኒን ተብሎ ይመደባል። ሁለቱም ወገኖች የሚሠሩት ስኳሊን ከሚባል ቅባታማ ሞለኪውል ተነሥተው ነው። የሰው ጉበት ኮሌስትሮልን የሚያዘጋጀውም ከዚሁ ከስኳሊን በመሆኑ፣ ሳፖኒንና ኮሌስትሮል የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል፤ ይህ ዝምድና ሳፖኒን በሕዋስ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር የቅርብ ግንኙነት አለው።

ውኃ ወዳድና ቅባት ወዳድ ክፍሎች በአንድ ሞለኪውል ላይ ሲገናኙ፣ ሞለኪውሉ በውኃና በአየር ወሰን ላይ ይሰለፋል፤ ቅባት ወዳዱን ወደ አየሩ፣ ስኳሩን ወደ ውኃው ያዞራል። የውኃው የገጽ ውጥረት በዚህ ስለሚላላ አረፋው ሳይፈርስ ይቆያል፣ ቆሻሻውም ከጨርቁ ይላቀቃል። የፋብሪካ ሳሙናም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። እጽዋቱ ግን ሳፖኒንን የሚያመርቱት ራሳቸውን ከፈንገስ፣ ከነፍሳትና ከበላተኛ እንስሳት ለመከላከል ነው። ለዚህ በጣም ግልጽ ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው በአጃ ላይ ነው፤ የአጃ ሥር አቬናሲን የሚባል ሳፖኒን ያመርታል፣ በዘረመል ለውጥ ምክንያት ይህን ውህድ መሥራት የተሳናቸው የአጃ ተክሎችም ጤናማው አጃ በቀላሉ በሚቋቋማቸው የአፈር ፈንገሶች ተጠቅተው ታይተዋል።

ሳፖኒን ለኢትዮጵያዊ ማእድ እንግዳ አይደለም። አብሽ የስቴሮይድ ሳፖኒኖች አሉት፤ ሽምብራ፣ ምስርና አኩሪ አተር ደግሞ የትራይተርፒኖቹን ይይዛሉ። ለኮሶ ትል መድኃኒት ሆኖ የኖረው የመተሬ ዘርም ሳፖኒን አለው። በሌላው ዓለም ከሚታወቁት ውስጥ የሩቅ ምሥራቁ ጂንሰንግ፣ የቺሊው ኩዊላያ ዛፍና በአውሮፓ ለልብስ ማጠቢያ ያገለግል የነበረው ሳፖናሪያ ይጠቀሳሉ። በአንጻሩ ዓሣ የሚያደነዝዝ ወይም ትል የሚያስወጣ ተክል ሁሉ ሥራውን የሚሠራው በሳፖኒን ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ላይ ይጥላል። በብርብራ ፍሬ ዓሣ የሚያዝበት ምክንያት በዋናነት ሮቴኖን የሚባል ፍጹም የተለየ መርዝ ነው፤ የኮሶና የእንቆቆ ውህዶችም ከሳፖኒን ቤተሰብ ውጭ ናቸው። በቤተ ሙከራ የሚሠራው የመጀመሪያ ፍተሻ፣ ጭምቁን ከውኃ ጋር በቱቦ ውስጥ አጥብቆ መነቅነቅና አረፋው ለደቂቃዎች ይቆይ እንደሆነ ማየት ነው። ይህ ፍተሻ ሳፖኒን ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል እንጂ የትኛው ሳፖኒን እንደሆነም፣ ምን ያህል እንደሆነም አይናገርም። በብዙ የምርምር ጽሑፎች ላይ «ሳፖኒን፦ አለ» ተብሎ በሠንጠረዥ የሚሰፈረው ምልክት ከዚህ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው አይገባም።

የሳፖኒንን ጠባይ ለመረዳት ከእንዶድ የተሻለ አስተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያን ሥርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው የወንዝ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የግድ በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ማለፍ ስላለበት፣ ያዩት ነገር በሽታውን ከመሠረቱ ለመቁረጥ የሚያስችል ርካሽ መንገድ መሰላቸው። የምርምር ተቋም መሠረቱ፤ ይህ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ የአክሊሉ ለማን ስም ይዟል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን እየሰበሰቡና እያወዳደሩ፣ በምርትም በኃይልም የተሻለውን ዓይነት 44 የተባለውን ለይተው አወጡ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል።

ቀንድ አውጣውን የሚገድሉት ውህዶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተለይተው ሲታወቁ ከመካከላቸው ለማቶክሲን የሚል ስም የተሰጠው ተገኘ፤ ስሙ ለዶክተር አክሊሉ ለማ መታሰቢያ ነው። የዚህ ውህድ ሳፖጄኒን ኦሊያኖሊክ አሲድ ይባላል። ከዚያ በኋላ የተደረሰበት ነገር ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከስያሜው የበለጠ ትኩረት የሚገባው ነው። ባልተነካው የእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች በአብዛኛው በሁለት ቦታ የስኳር ሰንሰለት የተንጠለጠለባቸውና በቀንድ አውጣ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉልበት የሌላቸው ናቸው። ፍሬው ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውኃ ሲዘፈዘፍ፣ በፍሬው ውስጥ ተለይቶ ተቀምጦ የነበረ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ ጋር ይገናኝና አንደኛውን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ በአንድ ሰንሰለት የቀረው ሳፖኒን ነው ገዳይ የሚሆነው። ያው ፍሬ በአልኮል ከተጨመቀ ኢንዛይሙ ሥራውን ስለማይሠራ የሚገኘው ጭምቅ ደካማ ይሆናል። ፍሬው የሚለቀምበት ጊዜም ለውጥ ያመጣል፤ ሳይቀላ በአረንጓዴነቱ የተለቀመው ፍሬ ከበሰለው ይልቅ ኃይለኛ ነው። እንግዲህ «የእንዶድ ጭምቅ» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር እንደ አዘገጃጀቱ ፈጽሞ የተለያየ ውጤት ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ስለ ካንሰር የሚወራውን ሁሉ ስንመረምር ይህን ልናስታውሰው ይገባል።

ሳፖኒን ሕዋስን የሚጎዳበት ዋነኛ መንገድ የሕዋሱን ሽፋን መብሳት ነው። የሰውና የእንስሳት ሕዋሳት ሽፋን ከቅባት ንጣፍ የተሠራ ሲሆን፣ በንጣፉ መካከል ጥንካሬ የሚሰጥ ኮሌስትሮል አለ። የሳፖኒኑ ቅባት ወዳድ ክፍል በዚህ ንጣፍ ውስጥ ይሰርግና ከኮሌስትሮሉ ጋር ይጣመራል፤ ጥምረቱ ሲበዛ ሽፋኑ ቀዳዳ ይፈጠርበታል፣ የሕዋሱም ይዘት ወደ ውጭ ይፈሳል። በዚህ የሚጎዱት አስቀድሞ ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ ብዙዎቹ ሳፖኒኖች በቤተ ሙከራ ከደም ጋር ሲቀላቀሉ ደሙን በአጭር ጊዜ ያፈርሱታል። ዓሦች በሳፖኒን በቀላሉ የሚሞቱትም ሳንባ መሰል ሥራ የሚሠራው ስንጥባቸው በስስ ሽፋን ብቻ ከውኃው ጋር ስለሚዋሰን ነው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ ለራሳቸው ሥራ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ዲጂቶኒን የተባለውን ሳፖኒን በመጠኑ ጨምረው የሕዋሱን የውጭ ሽፋን ይበሱና፣ ኮሌስትሮል እምብዛም የሌላቸውን የውስጥ ሽፋኖች ሳይነኩ ወደ ሕዋሱ የፈለጉትን ነገር ያስገባሉ። በሌላ አነጋገር፣ የሕዋስ ሽፋን መብሳት በየቤተ ሙከራው የሚዘወተር ተራ ሥራ ነው፤ የሚበሳው ሕዋስ የካንሰር ይሁን የጤነኛ፣ ለሳፖኒኑ ልዩነት የለውም።

ታዲያ ሳፖኒን ለካንሰር ሕክምና ተስፋ አለው የሚያሰኘው ምንድን ነው? መልሱ ያለው በሕዋስ አሟሟት ላይ ነው። ሕዋስ ሽፋኑ ተበስቶ ሊሞት ይችላል፤ ይህ ድንገተኛ አደጋ ነው፣ በዙሪያው ባለው ሥጋ ላይም ቁጣ ያስነሳል። ከዚህ የተለየው አፖፕቶሲስ የሚባለው ሥርዓት ያለው አሟሟት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ሕዋሱ በራሱ ኢንዛይሞች ውስጡን ከፋፍሎ በጸጥታ ይወገዳል። የካንሰር ሕዋሳት አንዱ መለያ ከዚህ ዓይነት ሞት የሚያመልጡበትን መንገድ ማበጀታቸው ነው። አንዳንድ ሳፖኒኖች ሽፋንን ለመብሳት ከሚያስፈልገው መጠን ባነሰ መጠን ሲሰጡ፣ የሕዋሱን ኃይል ማመንጫ ክፍሎች ማለትም ማይቶኮንድሪያን በመነካካት ይህን የተዘጋ መንገድ መልሰው ሲከፍቱ ታይተዋል። ሌሎቹ የሕዋስ ክፍፍልን በመካከሉ ያስቆማሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ዕጢው ለራሱ ምግብና ኦክስጅን የሚያመጡ አዳዲስ የደም ሥሮችን እንዳያበቅል ያግዳሉ፤ የካንሰር ሕዋሳት መድኃኒትን ወደ ውጭ ለመትፋት የሚጠቀሙበትን ፕሮቲን የሚያዳክሙም አሉ። ከጂንሰንግ የሚገኙት አርጂ3 እና አርኤች2፣ ከያም ሥር ወገን የሚገኘው ዲዮሲን፣ ከአውስትራሊያ ግራር የተለዩት አቪሲኖች በዚህ ረገድ በብዛት ከተጠኑት መካከል ናቸው። ኦርኒቶጋለም ከሚባል የአበባ ኮረት የተገኘውና ኦኤስደብሊው-1 የሚል መጠሪያ ያለው ውህድ ደግሞ በጣም በአነስተኛ መጠን የካንሰር ሕዋሳትን በመግደሉ ለዓመታት የኬሚስቶችን ትኩረት ስቧል።

ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው የታየው በፕላስቲክ ሳሕን ላይ በሚባዙ ሕዋሳት ወይም በአይጦች ነው። በሳሕን ላይ የሚደረግ ሙከራ ለሳፖኒን የተለየ ወጥመድ አለው። የተለመደው አሠራር ጭምቁን በካንሰር ሕዋሳት ላይ አፍስሶ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስንቱ እንደተረፈ በቀለም መለካት ነው። ሳፖኒን በርከት ያለበት ማንኛውም ጭምቅ በዚህ ፈተና ጥሩ ውጤት ማግኘቱ አይቀርም፤ ተመጣጣኝ የልብስ ሳሙና ቢጨመርም ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ መታየት ያለበት የካንሰሩ ሕዋስ መሞቱ ሳይሆን፣ በዚያው መጠን ጤነኛው ሕዋስ መትረፉና ቀይ የደም ሕዋስ አለመፍረሱ ነው። ይህ ንጽጽር ያልቀረበበት ጥናት ስለ አረፋ የሚናገር እንጂ ስለ ካንሰር የሚናገር አይደለም ብዬ ለመናገር እደፍራለሁ። የእንዶድ ጉዳይ በተለይ አንድ ተጨማሪ ውስብስብነት አለው፤ ቅጠሉ ዶዴካንድሪን የሚባል፣ የሕዋስን ፕሮቲን ማምረቻ የሚያሰናክል መርዛማ ፕሮቲን ስላለው፣ ያልተጣራ የቅጠል ጭምቅ ሕዋስ ቢገድል ገዳዩ ሳፖኒኑ ነው ወይስ ፕሮቲኑ የሚለው በራሱ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ሳፖኒኑን ወደ ዕጢው ማድረስ ነው። በአፍ የተወሰደ ሳፖኒን ሞለኪውሉ ትልቅ በመሆኑና በስኳሮቹ ምክንያት ከአንጀት ወደ ደም የሚዘልቀው እጅግ በጥቂቱ ነው። አብሽና ሽምብራ ስንመገብ ደማችን የማይፈርሰው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ደም የሚገባውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሳፖኒኑ ራሱ አይደለም፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች ስኳሮቹን አንድ በአንድ እየቆረጡ ይለውጡታል፣ የጂንሰንግ ዋና ሳፖኒን የሆነው አርቢ1 ኮምፓውንድ ኬ ወደሚባል ውህድ የሚለወጠውም በዚህ መንገድ ነው። በመሆኑም በሳሕን ላይ የተፈተነው ውህድና ሰው ከዋጠ በኋላ ዕጢው የሚያገኘው ውህድ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። አንጀትን ለማለፍ በደም ሥር ይሰጥ ከተባለ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳትን የማፍረሱ አደጋ ፊት ለፊት ይመጣል። እነዚህ ሁለት ችግሮች በአንድነት፣ በዓለም ዙሪያ በስፋት ከሚሰጡት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች መካከል አንድም ሳፖኒን አለመኖሩን ያስረዳሉ። ከእጽዋት የተገኙ የካንሰር መድኃኒቶች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር አበባ፣ ፓክሊታክሰል ከአሜሪካ የዩው ዛፍ ቅርፊት ተገኝተዋል፤ ሁለቱም ግን የሌላ ኬሚካላዊ ወገን ናቸው። ለመድኃኒትነት ቀርቦ የተገኘው የጂንሰንጉ አርጂ3 ሲሆን፣ በቻይና ከኬሞቴራፒ ጎን ለጎን በአጋዥነት እንዲሰጥ ተፈቅዷል።

ተመራማሪዎች ከዚህ ጠባብ በር ለማለፍ የሞከሩበት አንደኛው መንገድ ስኳሩን ጥሎ ሳፖጄኒኑን መያዝ ነው። የእንዶዱ ኦሊያኖሊክ አሲድ በብዙ ሌሎች እጽዋትም የሚገኝ፣ ብቻውን ሲሆን ሽፋን የመብሳት ኃይሉ የደከመ ውህድ ነው። ኬሚስቶች ይህን አካል ቀያይረው ባርዶክሶሎን ሜቲል የተባለ ውህድ ሠሩና በመጀመሪያ በካንሰር ሕሙማን ላይ ሞከሩት። በሙከራው የሕሙማኑ የኩላሊት ሥራ የተሻሻለ ስለመሰለ ምርምሩ ወደ ኩላሊት በሽታ ዞረ፤ ነገር ግን የስኳር ሕመም ባለባቸው የኩላሊት ሕሙማን ላይ የተካሄደው ትልቅ ሙከራ የልብ ድካም በመብዛቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ተቋረጠ። የዚያው ቤተሰብ አባል የሆነው ኦማቬሎክሶሎን ግን ፍሬድሪክ አታክሲያ ለሚባል በዘር ለሚተላለፍ የነርቭ በሽታ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። ካንሰርን ፍለጋ የተጀመረው መንገድ የነርቭ በሽታ ላይ መድረሱ በመድኃኒት ምርምር ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም፤ በእንዶድ ውስጥ ያለው የካርቦን አጽም ተሠርቶና ተለውጦ ለመድኃኒትነት ሊበቃ እንደሚችል ግን በተግባር ያሳየ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሳፖኒኑ ራሱ ገዳይ እንዲሆን ከመፈለግ ይልቅ ሌላውን እንዲያግዝ ማድረግ ነው፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከቺሊው የኩዊላያ ዛፍ ቅርፊት የሚጣራው ኪውኤስ-21 የተባለ ሳፖኒን ከክትባት ጋር በማይክሮግራም መጠን ሲሰጥ የሰውነትን የመከላከል ምላሽ በእጅጉ ያነቃቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ሺንግሪክስ የተባለው የአልማዝ ባለጭራ ክትባት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለሕፃናት የመከረው አርቲኤስ፣ኤስ የወባ ክትባትም ይህን ሳፖኒን ይይዛሉ፤ በ2023 የተመከረው አር21 የወባ ክትባትም ከዚሁ ዛፍ ሳፖኒኖች የተዘጋጀ አጋዥ አለው። ይኸው አጋዥ ሰውነት የራሱን ዕጢ እንዲያጠቃ ለማድረግ በታሰቡ የካንሰር ክትባቶች ላይ ለረጅም ጊዜ ተሞክሯል። ውጤቱ እስካሁን የሚያስደስት አይደለም፤ ኪውኤስ-21ን የያዘው የሳንባ ካንሰር ክትባት በመጨረሻው ደረጃ ሙከራ የሕሙማኑን ሁኔታ ባለማሻሻሉ እ.ኤ.አ. በ2014 ቆሟል። የቀረበው አጋዥ መልካም ቢሆንም፣ ሰውነት እንዲያጠቃው የተመረጠው የዕጢው ምልክት ትክክለኛው ካልሆነ ክትባቱ እንደማይሠራ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የኩዊላያ ቅርፊት ውስን መሆኑ ሌላ ችግር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች የዛፉን የማምረቻ ሂደት በሙሉ ወደ እርሾ በማዛወር ኪውኤስ-21ን በእርሾ ማምረት መቻላቸውን አሳውቀዋል።

ከሳፖናሪያ የተለየው ኤስኦ1861 ደግሞ የሚያግዘው በሌላ መልክ ነው። የካንሰር ሕዋስን ለይቶ በሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ላይ የተጫነ መርዝ ወደ ሕዋሱ ሲገባ፣ ብዙ ጊዜ በትናንሽ የሕዋስ ከረጢቶች ውስጥ ታስሮ ይቀርና ይጠፋል። ይህ ሳፖኒን የከረጢቶቹን ሽፋን በመክፈት መርዙ ወደ ሥራው ቦታ እንዲደርስ ስለሚያደርግ፣ በሙከራ ላይ የሚያስፈልገውን የመርዝ መጠን በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ሽፋን የመብሳቱ ጠባይ በመጨረሻ ጠቃሚ ሆኖ የተገኘው፣ የሚበሳው ሽፋንና የሚበሳበት ጊዜ በሌላ ነገር ስለተመረጠለት ነው።

መርዝን በአድራሻ የመላክን ነገር ካነሳን፣ ከሳፖኒን ወገን ባይሆንም በኢትዮጵያ ምድር የጀመረ አንድ ታሪክ ሳይጠቀስ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ካፕቻንና ባልደረቦቻቸው፣ በአማርኛ አጣጥ ከሚባሉት ቁጥቋጦዎች ወገን ከሆነና ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ውህድ ለይተው አወጡ። ውህዱ የካንሰር ሕዋሳትን በሚያስገርም ኃይል ቢገድልም፣ በሕሙማን ላይ ሲሞከር በጤነኛው አካል ላይ ያደረሰው ጉዳት ከጥቅሙ ስለበለጠ ተተወ። ከዓመታት በኋላ የእሱ ተዋጽኦ የጡት ካንሰርን ከሚለይ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተቆራኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ካድሳይላ በሚል ስም ፈቃድ አገኘ። ከግኝቱ እስከ ፈቃዱ 41 ዓመታት አልፈዋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ተመራማሪዎቹን ያደከማቸው የመርዙ ኃይል ሳይሆን መርዙን ወደ ዕጢው ብቻ የሚያደርስ ዘዴ መፈለግ ነበር።

ይህን ያነበበ ሰው አጥሩ ላይ ያለውን እንዶድ ቀቅሎ መጠጣት መፍትሔ እንዳልሆነ ሳይረዳ አይቀርም፤ ይሁንና ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነውና በግልጽ ይነገር። እንዶድ ሲጠጣ የጨጓራና የአንጀትን ሽፋን ያቃጥላል፣ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፣ በብዛት ከተወሰደ ለሞት ያበቃል፤ ለእርጉዝ ሴት ደግሞ አደጋው ከዚህም ይብሳል። በጥቁር አንበሳም ሆነ በሌላ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና የጀመረ ሕመምተኛ ማንኛውንም የባህል መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቅ መንገር ይኖርበታል፤ ምክንያቱም አንዳንድ የእጽዋት ውህዶች ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይለውጣሉ፣ በዚህም የኬሞቴራፒው መጠን ሳይታሰብ ሊበዛ ወይም ሊያንስ ይችላል። ሐኪሙም በበኩሉ ጥያቄውን በተግሣጽ መልክ ሳይሆን ሕመምተኛው በእርጋታ እንዲመልስ በሚያበረታታ አነጋገር ቢያቀርበው እውነተኛውን መልስ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ሽሮውን፣ የምስር ወጡንና የአብሽ ውኃውን በተመለከተ ግን፣ በተለመደው የምግብ መጠን የሚያሰጋ ነገር የለም።

በዋና ከተማዋ ዙሪያ የሚበቅሉትን እጽዋት ለካንሰር ምርምር ለመፈተሽ የሚነሣ ወጣት ተመራማሪ ውድ መሣሪያ ከመፈለጉ በፊት ሊሠራው የሚችለው ብዙ ነገር አለ። ተክሉን ከየትኛው ቦታና በየትኛው ወር እንደለቀመው፣ ፍሬው ጥሬ ይሁን የበሰለ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይሁን በአልኮል እንደጨመቀው በጥንቃቄ ይመዝግብ፤ የተክሉን ናሙናም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ እጽዋት ናሙና ማከማቻ) አስቀምጦ ስሙን ያረጋግጥ። ከዚያም ጭምቁን በካንሰር ሕዋስ ላይ ከማፍሰሱ አስቀድሞ በቀጠነ የበግ ደም ላይ ይሞክረው፤ ለዚህ ሙከራ ጥቂት ደም፣ የጨው ውኃ፣ ቱቦዎችና ቱቦዎቹን የሚያሽከረክር ሴንትሪፊዩጅ ይበቁታል። ደሙን በሚያፈርስበት መጠን ብቻ የካንሰር ሕዋስን የሚገድል ጭምቅ እዚያው ላይ ሊቆም ይገባዋል፤ ደሙ ሳይነካ በዝቅተኛ መጠን የካንሰር ሕዋስን የሚገድል ከተገኘ ግን፣ ውህዱን ለይቶ የማውጣትና የስኳር ሰንሰለቶቹን አቀማመጥ የማወቅ አድካሚ ሥራ ከዚያ ይጀምራል።